የዝግጅትዎ ስም የንግድ ምልክት ሊሆን ይችላል? ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች አዘጋጆች የቀረበ መመሪያ

በነቀምቴ ኤግዚቢሽንና ባዛር ለመክፈት፣ በጊምቢ የቡና ፌስቲቫል ለማዘጋጀት፣ በደምቢ ዶሎ የጎዳና ሩጫ ለማስሮጥ ወይም በሻምቡ የባህል ምግብ ሳምንት ለማካሄድ ካሰቡ፣ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት ስም ያስፈልግዎታል። ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ስም ደግሞ ዝግጅቱ ምን እንደሆነና የት እንደሚካሄድ የሚናገረው ነው፤ «የነቀምቴ ኤግዚቢሽንና ባዛር»፣ «የወለጋ የቡና ፌስቲቫል»፣ «የደምቢ ዶሎ ሩጫ»። እንዲህ ያለውን ስም በሬዲዮ አንዴ የሰማ ሰው ይረዳዋል፤ ስፖንሰርም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ችግሩ የሚመጣው ዝግጅቱ ሲሳካ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሌላ አዘጋጅ ያንኑ ስም ባነር ላይ አሳትሞ ቦታ ሊሸጥና ስፖንሰር ሊያነጋግር ይችላል። ያን ጊዜ «ስሙ የእኔ ነው» ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ በሕግ የእርስዎ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የዝግጅቱን ዓይነት፣ ቦታና ጊዜ ከመግለጽ በቀር ሌላ ነገር የሌለው ስም በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። ነገር ግን ስሙን በመጠገን፣ ከአርማ ጋር በማጣመር ወይም በረጅም ጊዜ አጠቃቀም የራስዎ መለያ መሆኑን በማስረዳት ለምዝገባ ማብቃት ይቻላል። መንገዱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ወረቀት እንደያዙ ይለዩ

ብዙ አዘጋጆች ንግድ ፈቃድ ሲያወጡ ያስመዘገቡት ስም የዝግጅታቸውን ስም የሚጠብቅላቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የንግድ ስም ድርጅትዎ የሚጠራበት ስም ነው። የሚመዘገበውም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ቢሮ በኩል ነው። የንግድ ምልክት ግን የአንድን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ መለያ ነው፤ ቃል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሥዕል፣ ቀለም ወይም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል። የሚገዛው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 273/2005 ነው። መዝጋቢው በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው ተቋም ነው።

በአዋጁ መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘውና በሌሎች ላይ መቃወሚያ የሚሆነው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ከከተማው አስተዳደር ያገኙት የዝግጅት ፈቃድ፣ በስሙ ያስቀረጹት ማህተም ወይም ብዙ ተከታይ ያለው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ምስክር ወረቀቱን አይተካም። እነዚህ ሁሉ ኋላ ለማስረጃነት ይጠቅማሉና በጥንቃቄ ያኑሯቸው።

ደረጃ 2፦ ስሙን በሕጉ ሚዛን ይመዝኑት

የአዋጁ አንቀጽ 6 የማይመዘገቡ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ለዝግጅት አዘጋጅ በጣም የሚያሳስበው የዕቃውን ወይም የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ጥራት፣ ብዛት፣ ዓላማ፣ ዋጋ፣ የመጣበትን ቦታ፣ የቀረበበትን ጊዜ ወይም ሌላ ባሕርይ ብቻ የሚያመለክት ምልክት አይመዘገብም የሚለው ክልከላ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ወይም በንግዱ ልማድ የተለመደ መጠሪያ የሆነ ቃልም እንዲሁ አይመዘገብም።

ምክንያቱ ፍትሐዊ ነው። «የነቀምቴ የቡና ፌስቲቫል» የሚለው አነጋገር ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ፣ በነቀምቴ የቡና ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው ሥራውን በምን ቃል ይናገር? ሁሉም ነጋዴ የሚያስፈልገው ቃል ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት።

ስምዎን ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ።

አንደኛ፣ ሌላ አዘጋጅ ተመሳሳይ ዝግጅት ቢያሰናዳ እነዚህን ቃላት ሳይጠቀም ለሕዝቡ ማስረዳት ይችላል? አይችልም ከሆነ ስሙ ገላጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው የተረዳው የዝግጅቱን ዓይነት ነው ወይስ የአዘጋጁን ማንነት? ዓይነቱን ብቻ ከሆነ ስሙ ገና መለያ አልሆነም።

ሦስተኛ፣ ከስሙ ላይ የቦታውን፣ የዓመቱን፣ የዓይነቱንና የማሞገሻውን ቃል ቢያነሱ ምን ይቀራል? ምንም ካልቀረ የሚመዘገብ ነገር የለም።

ለምሳሌ ያህል የታሰቡ ስሞችን በዚህ ሚዛን እናስቀምጥ።

«ባዛር»፣ «ኤክስፖ»፣ «ፌስቲቫል»፣ «ሩጫ»፦ የዓይነቱ መጠሪያ ናቸው። ለብቻቸው ማንም ባለቤት ሊሆንባቸው አይችልም።

«የጊምቢ የቡና ፌስቲቫል 2018»፦ ቦታ፣ ዓይነትና ጊዜ ብቻ ነው። ገላጭ ነው፤ ዓመቱ መጨመሩም አላዳነውም።

«ታላቁ የወለጋ ባዛር»፦ «ታላቁ» ማሞገሻ ነው፤ ጥራትን ወይም መጠንን ይናገራል እንጂ ባለቤትን አይለይም። ይህም ገላጭ ነው።

«ኡርጂ የቡና ፌስቲቫል»፦ «ኡርጂ» በአፋን ኦሮሞ ኮከብ ነው። ኮከብ የቡና ፌስቲቫልን አይገልጽም፤ ስለዚህ መለያ የመሆን አቅም አለው። ሌላ ሰው አስቀድሞ ይዞት እንደሆነ ግን መፈተሽ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ፣ በየትኛውም ቋንቋ ፍቺ የሌለው ቃል፦ ከሁሉም የጠነከረው ነው። ሕዝቡን ለማስለመድ ጊዜና ማስታወቂያ ይፈልጋል፤ አንዴ ከተለመደ ግን ለመከላከል ቀላል ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። ገላጭ ስም ቋንቋ በመለወጥ አይድንም። «ፌስቲቫላ ቡና ነቀምቴ» ወይም «ፊጊቻ ነቀምቴ» ቢሉት የወለጋ ነዋሪ በቀጥታ የሚረዳው ያንኑ ዓይነትና ቦታ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል በግዕዝ ፊደል መጻፍም ለውጥ አያመጣም። ሁለተኛው፣ ሕጉ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክትንም ይከለክላል። ከአንድ ወረዳ ውጭ ተሳታፊ የሌለውን ባዛር «ዓለም አቀፍ» ማለት፣ ወይም ከሌላ አካባቢ በመጣ ቡና የሚካሄድን ዝግጅት በወለጋ ቡና ስም መጥራት በገላጭነትም በአሳሳችነትም ጥያቄ ያስነሳል።

ይህ ሚዛን የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ጀርመን የ2006ን (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ስታስተናግድ ፊፋ «ፉስባል ቬኤም 2006» የሚለውን ስም በምልክትነት ይዞ ነበር፤ ትርጉሙ የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ 2006 ማለት ነው። የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2006 (እ.ኤ.አ.) ቃሉ ዝግጅቱን የሚገልጽ የተለመደ መጠሪያ ነው ብሎ ጥበቃውን ነፈገው። ገንዘቡም ዝናውም የነበረው ፊፋ ያላለፈበትን በር በነቀምቴ ያለ አዲስ አዘጋጅ በቀላሉ አልፋለሁ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ደረጃ 3፦ ስሙ ገላጭ ከሆነ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ይምረጡ

የመጀመሪያው መንገድ፣ መለያ ቃል መጨመር። ከሁሉ የሚመከረው ይህ ነው። ገላጩን ክፍል አይጣሉት፤ ሕዝቡ ዝግጅቱን የሚረዳው በእሱ ነውና። ከፊቱ የራስዎ የሆነ ቃል ያስቀድሙ፤ «ኡርጂ» የሚለው መለያ፣ «የነቀምቴ የቡና ፌስቲቫል» የሚለው ማብራሪያ ይሆናል። ፖስተሩ ላይ መለያው በትልቁ፣ ማብራሪያው በትንሹ ይጻፍ። በሬዲዮ ማስታወቂያም አስነጋሪው ሁልጊዜ መለያውን እንዲጠራ ያድርጉ፤ ሕዝቡ የሚለምደው የሚሰማውን ነው።

ሁለተኛው መንገድ፣ ከአርማ ጋር አጣምሮ ማስመዝገብ። «የወለጋ ባዛር» የሚሉት ቃላት ለብቻቸው ባይመዘገቡም፣ ልዩ ሆኖ ከተሠራ ሥዕል ጋር ሲጣመሩ ቅንጅቱ ሊመዘገብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሥልጣኑ በገላጮቹ ቃላት ላይ ለብቻቸው መብት እንደማይጠይቁ መግለጫ እንዲሰጡ ሊያደርግዎት ይችላል። መግለጫውን ከመፈረም በፊት ምን እንደሚያስቀር ይወቁ፦ ሌላ ሰው አርማዎን ቢገለብጥ ሊከለክሉት ይችላሉ፤ በራሱ አርማ «የወለጋ ባዛር» ብሎ ቢጽፍ ግን በምዝገባው ሊያስቆሙት ይቸግርዎታል። ብዙ ሰው ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ከሰቀለ በኋላ ነው ጥበቃው ከአርማው እንደማያልፍ የሚረዳው። እርስዎ ገና ከመጀመሪያው ይወቁት።

ሦስተኛው መንገድ፣ በአጠቃቀም የተገኘ መለያነትን ማስረዳት። በባሕርዩ ገላጭ የሆነ ስም ለረጅም ጊዜ በአንድ አዘጋጅ እጅ ብቻ በመዋሉ፣ ሕዝቡ ሲሰማው ያንን አዘጋጅ የሚያስብ ከሆነ ሕጉ ለምዝገባ በር ይከፍታል። በአሜሪካ የተደረገ አንድ ክርክር ይህን በግልጽ ያሳያል። በሳን ዲዬጎ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው የኮሚክ መጻሕፍት ጉባኤ «ኮሚክ ኮን» ይባላል፤ ስሙም «የኮሚክ ጉባኤ» ለሚለው ማሳጠሪያ ነው። በሶልት ሌክ ከተማ ሌሎች አዘጋጆች «ሶልት ሌክ ኮሚክ ኮን» ብለው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተከሳሾቹ ቃሉ የሁሉም ሆኗል ብለው ቢከራከሩም፣ ከሕዝብ የተውጣጡት ዳኞች (ጁሪ) በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ምልክቱ የጸና ነው፣ ተጥሷልም ብለው ወሰኑ። የሶልት ሌኩ ዝግጅትም ስሙን ቀየረ። የሳን ዲዬጎው አዘጋጅ ያሸነፈው ከአርባ ዓመት በላይ በተከማቸ አጠቃቀም ላይ ቆሞ ነው።

በአገራችን በአንድ ስም ጸንቶ ለመቆየት ጥሩ አብነት የሚሆነው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ቃላቱን ለየብቻ ካየናቸው ማሞገሻ፣ ዓይነትና የአገር ስም ናቸው። ሆኖም ከ1994 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በየዓመቱ በአንድ ስም ሲካሄድ በመቆየቱ፣ ስሙ ሲጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ማንኛውንም ሩጫ አያስብም፤ ያንን ሩጫ ነው የሚያስበው። ሕዝቡ ዘንድ እንዲህ ያለ እውቅና የሚገነባው በዓመታት ነው። ገና አንድ ጊዜ ብቻ ያካሄዱት ዝግጅት ከሆነ በዚህ መንገድ አይተማመኑ።

ይህን መንገድ ለመያዝ ካሰቡ ማስረጃ ማሰባሰቡን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ፋይል ይክፈቱና እነዚህን ይክተቱበት፦

ቀን ያለበት ፖስተር፣ በራሪ ወረቀትና የባነር ፎቶ፤

ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር የተፈረመ የማስታወቂያ ውልና የክፍያ ደረሰኝ፤

የማተሚያ ቤትና የቲሸርት ደረሰኝ፤

ከከተማ አስተዳደሩ፣ ከባህልና ቱሪዝም ወይም ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች፤

የስፖንሰር ውል፣ የቦታ ኪራይ ውል፣ የትኬት ጉርድና የተሳታፊዎች መዝገብ፤

ዝግጅቱን በስሙ ጠርተው የዘገቡ ጋዜጦችና የዜና ቅጂዎች።

ደረጃ 4፦ የሕዝብ የሆነውን ስም ለሕዝብ ይተዉ፤ ካስፈለገም በጋራ ይጠብቁት

በወለጋ ሲሠሩ ከማንኛውም ሕግ በፊት ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ አርጆ የነዋሪዎቻቸው ስሞች ናቸው። አንጮቴ በመስቀል ሰሞን በየቤቱ የሚቀርብ የአካባቢው ሥራ ሥር እንጂ የአንድ ድርጅት ግኝት አይደለም። ኢሬቻ የሕዝብ ምስጋና ነው። የነቀምቴው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም የሁሉም ቅርስ ነው። እነዚህን ስሞች በዝግጅትዎ ላይ በአክብሮት መጥራት ይችላሉ፤ ለብቻዎ አጥረው ለመያዝ መሞከር ግን በሕግም ያስቸግራል፣ በነዋሪውም ዘንድ ያስወቅሳል።

የቦታ ስም ፈጽሞ አይጠበቅም ማለት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ቡና ታሪክ ትልቁ ትምህርታችን ነው። መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋጨፌ አለፈ። ሐረርና ሲዳሞ ግን ቃላቱ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል ምክንያት መጀመሪያ ላይ ተከለከሉ፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ምዝገባውን ተቃውሞ ነበር። ኢትዮጵያ ተስፋ አልቆረጠችም። ስሞቹ በገበያው ውስጥ የተለየ የኢትዮጵያ ቡናን የሚያሳውቁ መለያዎች መሆናቸውን በማስረጃ ተከራከረች። በሰኔ 2007 (እ.ኤ.አ.) ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ሲዳሞም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ተመዘገበ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ «ገላጭ ነው» የሚለው የመጀመሪያ ውሳኔ በማስረጃ ሊቀየር ይችላል። ሁለተኛ፣ ስሞቹን የጠየቀው አንድ ላኪ ሳይሆን አገሪቱ ለአምራቾቿ ጥቅም ስትል ነው። የወለጋ ቡና ራሱ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል የነቀምቴ የቀድሞ ስም ይታወቃል። እንዲህ ያለ ስም አንድ የፌስቲቫል አዘጋጅ የግሉ ሊያደርገው የማይገባ የብዙ ሺህ ገበሬዎች ሀብት ነው።

ዝግጅቱ በእርግጥ የጋራ ከሆነ ሕጉ የወል የንግድ ምልክትንም ያውቃል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ የሆቴል ባለቤቶች ማኅበር ወይም የነጋዴዎች ማኅበር ምልክቱን በስሙ አስመዝግቦ አባላቱ በተወሰነ ደንብ እንዲጠቀሙበት ማድረግ ይችላል። ማን አባል እንደሚሆን፣ ምልክቱ በምን ሁኔታ እንደሚሠራበትና ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ከከተማው ሁሉ ጋር ለሚካሄድ የቡና ወይም የባህል ምግብ ፌስቲቫል ከግል ምዝገባ ይልቅ ይህ መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 5፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወስኑ

በከተሞቻችን አንድ ዝግጅት ብዙ ወላጆች አሉት። የከተማው አስተዳደር ቦታና ጸጥታ ይሰጣል፣ የፕሮሞሽን ድርጅቱ ይሸጣል፣ ስፖንሰሩ ገንዘብ ያወጣል፣ ዲዛይነሩ አርማውን ይሠራል። ዝግጅቱ ሲታወቅ እያንዳንዱ ስሙን የእኔ ነው ይላል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት እነዚህን ይጨርሱ።

አመልካቹ በሕግ የታወቀ ሰው ይሁን። ማህተም ያለው «አዘጋጅ ኮሚቴ» ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው የምልክት ባለቤት ሊሆን አይችልም። ግለሰብ ነጋዴ፣ የንግድ ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የተመዘገበ ድርጅት ያስፈልጋል።

ከአስተዳደሩ ጋር በሚፈረመው ሰነድ ላይ ስሙና አርማው የማን እንደሆኑ፣ ትብብሩ ሲያበቃ ማን ይዟቸው እንደሚቀር አንድ አንቀጽ ያስገቡ።

በስፖንሰር ውል ላይ የስፖንሰሩ ስም ከዝግጅቱ ስም ጋር ቢጠራም የዝግጅቱ ስም ባለቤትነት እንደማይተላለፍ ይጻፍ።

አርማውን ከሠራው ዲዛይነር የቅጂ መብቱን በጽሑፍ ውል ይቀበሉ። የተከፈለበት ደረሰኝ ብቻ በቂ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ቀድሞ የተያዘ እንደሆነ ይፈትሹ፣ መደቦቹንም ይምረጡ

ሌላ ሰው ካስመዘገበው ወይም ቀድሞ ካመለከተበት ምልክት ጋር የሚመሳሰልና ሕዝቡን የሚያደናግር ስም ይከለከላል። ስለዚህ ቲሸርት ከማሳተምዎ በፊት በባለሥልጣኑ ዘንድ የቅድመ ምዝገባ ፍተሻ ይጠይቁ። በንግድ ቢሮው የስሞች መዝገብ፣ በማኅበራዊ ሚዲያና በክልሉ ገበያም ያጣሩ። የድምፅ መመሳሰልንም ያስቡ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አጻጻፋቸው ቢለያይም ሲነገሩ አንድ የሚሆኑ ስሞች አሉ።

ቀጥሎ ምልክቱ የሚያገለግልባቸውን መደቦች ይምረጡ። በዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ ዕቃዎች ከ1 እስከ 34፣ አገልግሎቶች ከ35 እስከ 45 ባሉ መደቦች ተከፍለዋል። ለዝግጅት አዘጋጅ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው።

መደብ 41፦ የስፖርት፣ የባህል፣ የመዝናኛና የትምህርት ዝግጅቶች። ሩጫና የባህል ፌስቲቫል እዚህ ይገባሉ።

መደብ 35፦ ለንግድና ለማስታወቂያ ዓላማ የሚዘጋጅ ኤግዚቢሽንና የንግድ ትርኢት። ባዛር ካዘጋጁ ይህን አይርሱ።

መደብ 25፦ ቲሸርት፣ ኮፍያና ማሊያ።

መደብ 30፦ ቡና። በፌስቲቫሉ ስም የታሸገ ቡና ለመሸጥ ካሰቡ ብቻ ይምረጡት።

መደብ 43፦ የምግብና የመጠጥ መስተንግዶ።

ገላጭነት ከመደብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ ቃል ለቡና ገላጭ ሆኖ ለሩጫ ላይሆን ይችላል። የማይሠሩበትን መደብ መሙላትም ክፍያ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻውን ያቅርቡ

ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ነው፤ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሙሉ ሰነድ ሳይዙ መንገድ አይጀምሩ። አስቀድመው ደውለው የወቅቱን ቅጽ፣ የክፍያ መጠንና የማቅረቢያ መንገድ ይጠይቁ። እነዚህንም ያሰናዱ፦

በትክክል የተሞላ የማመልከቻ ቅጽ፤

ጥራት ያለው የምልክቱ ናሙና፤ ቃል ብቻ ከሆነ ቃሉ፣ ቅንጅት ከሆነ ከነአርማው፤

ምልክቱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ አነባበቡና ፍቺው፤

የዕቃዎቹና የአገልግሎቶቹ ዝርዝር በየመደቡ፤

የአመልካቹ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ በተወካይ የሚቀርብ ከሆነም የተረጋገጠ ውክልና፤

የክፍያ ደረሰኝ።

ያመለከቱበት ቀን ወሳኝ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ቢያቀርቡ ቀድሞ የገባው ይታያል። ስለዚህ ስሙን ለሕዝብ ይፋ ከማድረግዎ በፊት ማመልከት ይመረጣል። ባለሥልጣኑ በመጀመሪያ ሰነዱ መሟላቱን፣ ቀጥሎ ምልክቱ በሕጉ የሚመዘገብ መሆኑን ይመረምራል። ካለፈ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ለዚህም 60 ቀናት ይሰጣሉ። ተቃውሞ ካልቀረበ ወይም የቀረበው ውድቅ ከሆነ ምስክር ወረቀቱ ይሰጣል። ይህን ጊዜ አስበው ከዝግጅቱ ብዙ ወራት ቀድመው ይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ «ገላጭ ነው» የሚል ደብዳቤ ሲደርስዎ

አይደንግጡ፤ የተሰጠዎትን የመልስ ጊዜም አያሳልፉ። ደብዳቤው የትኛውን ቃልና የትኛውን መደብ እንደሚመለከት ይለዩ። አንድ መደብ ብቻ ከሆነ እሱን አስቀርቶ በሌሎቹ መቀጠል ይቻላል። ችግሩ የአንድ ቃል ከሆነ በቃሉ ላይ ለብቻው መብት እንደማይጠይቁ ይግለጹ። ስሙ ለዓመታት በእርስዎ ብቻ የዋለ ከሆነ በደረጃ 3 ያከማቹትን ፋይል በዓመት ቅደም ተከተል አደራጅተው ያቅርቡ። ስሙ ገና አዲስ ከሆነና ሙሉ በሙሉ ገላጭ ከሆነ ግን በክርክር ገንዘብ ከመጨረስ መለያ ቃል ጨምሮ በአዲስ ማመልከቻ መመለስ ብልህነት ነው። በመጨረሻው ውሳኔ የማይስማሙ ከሆነ ለፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለዎት።

ደረጃ 9፦ የተመዘገበውን ይጠብቁ

ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። የሚያበቃበትን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስፍሩ።

ምልክቱን በተመዘገበበት መልክ ይጠቀሙበት። ሳይሠራበት ለተከታታይ ሦስት ዓመት የቆየ ምልክት እንዲሰረዝ ሊጠየቅ ይችላል። በጸጥታ ወይም በገንዘብ ምክንያት ዋናው ዝግጅት ከቀረ፣ በዚያው ምልክትና በተመዘገበበት መደብ ውስጥ ሥልጠና ወይም አነስተኛ ውድድር በማካሄድ ምልክቱ በሥራ ላይ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ማስረጃውንም ያኑሩ።

በሌላ ከተማ ያለ አዘጋጅ ስሙን እንዲጠቀም ከፈቀዱ በጽሑፍ የፈቃድ ውል ይሁን፤ የጥራት ቁጥጥሩንም አይተዉ።

ምዝገባዎ ሌሎች ዝግጅታቸውን በቅን ልቦና ከመግለጽ እንደማያግዳቸው ይወቁ። «ቡና»፣ «ፌስቲቫል»፣ «ነቀምቴ» ማለት የሁሉም መብት ነው። የእርስዎ መብት የሚነካው ሕዝቡ የእነርሱን ዝግጅት የእርስዎ ነው ብሎ እንዲሳሳት ሲደረግ ነው።

ደረጃ 10፦ ምዝገባ ሳይኖር ስምዎ ቢወሰድ

ያልተመዘገበ ስም ያለው አዘጋጅ ባዶ እጁን አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሌላ ነጋዴ ሥራ ወይም አገልግሎት ላይ መደናገር የሚፈጥር ድርጊትን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይለዋል። ሌላው አዘጋጅ ስሙን ብቻ ሳይሆን የፖስተሩን ቀለም፣ የአርማውን ቅርጽና የዝግጅቱን ቀን ጭምር አስመስሎ ከሆነ አቤቱታዎ ይጠነክራል። የተደናገሩ ተሳታፊዎችን ምስክርነት፣ በስሕተት ለሌላው የተከፈለ ክፍያ ካለ ደረሰኙን ይያዙ። ነገር ግን ሸክሙ ከባድ ነው፦ ስሙ ሕዝቡ ዘንድ የእርስዎ ሆኖ መታወቁን፣ ድርጊቱም ማደናገሩን በየጊዜው ማስረዳት ይኖርብዎታል። የተመዘገበ ምልክት ያለው ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ምስክር ወረቀቱን አቅርቦ ነው።

ማጠቃለያ

ለሚቀጥለው ዝግጅትዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ መለያ ቃል ይምረጡ፤ ቀጥሎ ባለቤትነቱን በውል ይጨርሱ፤ ከዚያ አስፈትሸው ያመልክቱ፤ ፖስተሩ የሚታተመው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድመው በገላጭ ስም እየሠሩ ከሆነም ስሙን በድንገት አይጣሉት፤ በሚቀጥለው ዓመት መለያ ቃል ከፊቱ ያስገቡ፣ ያለፉትን ዓመታት ማስረጃ ያሰባስቡ።

የከተማው ስም ለከተማው ይቆይ፤ የቡናው ስምም ለገበሬው። እርስዎ በእነዚህ የጋራ ስሞች ላይ የሚጨምሩት አንድ ቃልና የዓመታት ታማኝ ሥራ የራስዎ ይሆናል፤ ሕጉም የሚጠብቅልዎት ያንን ነው። ወለጋ ብዙ ፌስቲቫል፣ ብዙ ሩጫ፣ ብዙ ባዛር የምትችል ምድር ናት። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን መለያ ይዞ ቢመጣ ገበያው ለሁሉም ይሰፋል፤ ሕዝቡም ገንዘቡንና ጊዜውን ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ያውቃል።